ለአረጋውያን የቤት ድጋፍ ገንዘብ ስንጠይቅ፦ ለብረቱ የሚከፍል አለ፣ ለሚመላለሰው ሰው ግን ማን ይክፈል?

የደጃፍ ጎብኚ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ አረጋውያን በገዛ ቤታቸው ወይም በተከራዩት ቤት ተረጋግተው እንዲኖሩ የሚያግዝ አገልግሎት አስተባብራለሁ። ሥራው «የመኖሪያ ቤት ድጋፍ» ይባል እንጂ ቤት አንሠራም፣ ቤትም አናከራይም። የምንደክመው ሰው በቤቱ ውስጥ እንዳይወድቅ፣ ከቤቱ እንዳይባረር፣ በሩ ተዘግቶበትም ብቻውን እንዳይቀር ነው። ለዚህም መታጠቢያ ቤት ውስጥ የእጅ መያዣ ብረት እናስተክላለን፣ የሚያንሸራትት ወለል እናስተካክላለን፣ የኪራይ ውል አብረን እናነባለን፣ ውዝፍ ኪራይ ካለ ከአከራይ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ቤት መቀየር ግድ ከሆነም ዕቃ ከማሸግ ጀምሮ ሰውየው አዲሱን ሰፈር እስኪለምድ ድረስ ከጎኑ እንቆያለን።

ችግሬን ላስረዳ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሥራችንን ሲደግፍ የቆየ አንድ ለጋሽ ድጋፉን እንደማያድስ በደብዳቤ አሳወቀን። ምክንያቱ ክፋት ያለበት አይደለም፤ በፕሮፖዛላችን ላይ የተዘረዘሩት ቤቶች በሙሉ ስለተጠገኑ ፕሮጀክቱ ዓላማውን አሳክቶ ተጠናቋል የሚል ነው። ደብዳቤው የሚያበቃውም በምስጋና ነው። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ በዓይነ ኅሊናዬ የመጡት የተጠገኑት ቤቶች ሳይሆኑ አንዲት እናት ነበሩ።

እኚህ እናት ጋ የተጠራነው ለበር ደፍ ነበር። የመኝታ ቤታቸው ደፍ ከፍ ያለ በመሆኑ ሁለት ጊዜ አደናቅፎ ጥሏቸዋል። አናጺያችን በመጀመሪያው ቀን ደፉን አንሥቶ ወለሉን እኩል አደረገላቸው፤ በሰነድ ረገድ ሥራው በዚያው ቀን አለቀ። ባልደረባዬ ግን እየተመላለሰች ትጠይቃቸው ነበርና፣ በአራተኛው ጉብኝት ሊሸኟት ከተነሡ በኋላ ተመልሰው ቁጭ አሉና ከፍራሻቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ ደብዳቤዎች አወጡ። ከአሥር ይበልጣሉ፤ አንዱም አልተከፈተም። ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ካቃታቸው ቆይቷል፤ አቅቶኛል ብሎ ለሰው መናገሩ ደግሞ ከብዷቸዋል። የመጨረሻው ደብዳቤ ቤቱን እንዲለቁ የሚያስጠነቅቅ ሲሆን የቀራቸው ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም ነበር። አከራዩን አነጋግረን፣ ውዝፉ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲከፈል ተስማምተን፣ እናታችን ቤታቸውን ሳይለቁ ቀሩ። ዛሬም እዚያው ናቸው።

ያ ፌስታል በመጀመሪያው ጉብኝት አይወጣም ነበር፤ በሁለተኛውም አይወጣም። ያወጣው ያችው ሰው መልሳ መላልሳ መምጣቷ ነው። በበጀታችን ውስጥ ግን ብረት፣ ሲሚንቶ፣ የአናጺ ዋጋና መጓጓዣ አለ እንጂ ለአራተኛው ጉብኝት የተመደበ አንድም መስመር የለም። የባልደረባዬ ደመወዝ ሲከፈል የቆየው ከዚህም ከዚያም በተለቃቀመ ገንዘብ ነበር፤ እሱም ሊያልቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ገንዘብ አግኝታችሁ የምታውቁ፣ ወይም በሌላው ወገን ሆናችሁ ገንዘብ ስትሰጡ የቆያችሁ ሰዎች፣ ለጋሽን እንዴት አድርጎ ማስረዳት እንደሚቻል ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ሒሳብ ያዥ

እህቴ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅር እንዳይልዎ እንጂ ችግሩ የተጀመረው ከለጋሹ ደብዳቤ ሳይሆን ከራሳችሁ ፕሮፖዛል ይመስለኛል። ውጤት ብላችሁ የጻፋችሁት የተጠገኑ ቤቶችን ብዛት ከሆነ፣ ቤቶቹ ሲጠገኑ ሥራው አልቋል መባሉ ትክክል ነው። ለጋሹ ያነበበው የፈረማችሁትን ነው።

አብዛኞቻችን ደመወዝ የሚለውን ቃል እንፈራዋለን። «የአስተዳደር ወጪያችሁ በዛ» እንባላለን ብለን ቤት ለቤት የምትዞረውን ሠራተኛ ደመወዝ በሌሎች መስመሮች ውስጥ እንበታትነዋለን፤ አንዳንዴም ጭራሽ አንጽፈውም። አረጋዊቷን ቤታቸው ሄዳ የምታነጋግር ሠራተኛ ደመወዝ የአስተዳደር ወጪ አይደለም፤ አገልግሎቱ ራሱ ነው፤ ቦታውም ቀጥተኛ ወጪ ሥር ነው። በላዩ ላይ የምትሄድበት መጓጓዣ፣ ስልኳ፣ ሥልጠናዋ፣ የሚከታተላት ኃላፊ ሰዓት፣ ከቢሮ ኪራይና ከሒሳብ ሥራው የሚደርሳት ድርሻ ይደመር። ድምሩን በዓመቱ ውስጥ ለምትደግፋቸው ሰዎች ሲያካፍሉት አንድን አረጋዊ ለአንድ ዓመት በቤቱ ለማቆየት የሚያስፈልገውን ሙሉ ዋጋ ያገኛሉ። ለጋሹ ፊት መቀመጥ ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

ሌላም የማሳስብዎ ነገር አለ። ለብረትና ለሲሚንቶ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለተወሰነ ዓላማ የተገደበ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለጋሹ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ወደ ደመወዝ ማዛወር አይቻልም። በቅን ልቦና የተደረገ ቢሆንም እንኳ ኦዲተር ሲደርስበት ድርጅቱ የሚያጣው ከገንዘቡ ይልቅ እምነቱን ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ያልተገደበ ገንዘብ ማሰባሰብ መጀመር ይኖርባችኋል፤ ከግለሰቦች የሚመጣ ትንሽ ወርኃዊ መዋጮ ለዚህ ከትልቅ ፕሮጀክት ይሻላል። ከዚያም ቢያንስ የሦስት ወር ሥራ ማስኬጃ የሚሆን ተጠባባቂ ገንዘብ ያስቀምጡ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት የለጋሽ ክፍያ በሁለት ወር ቢዘገይ ሁለት ጥሩ ሠራተኞች ለቀው ሄዱ፤ ገንዘቡ በመጨረሻ መጣ፣ ሠራተኞቹ ግን አልተመለሱም። እነሱ ሲጎበኟቸው ከነበሩት አረጋውያን ብዙዎቹ ለአዲሱ ሠራተኛ በር ለመክፈት ወራት ፈጅቶባቸዋል።

ከኮሚቴው ወገን

እኔ ለዓመታት የእርዳታ ማመልከቻ በሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ በዚያኛው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚባለውን ልንገራችሁ።

ብረት ይቆጠራል። ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማለቂያ አለው። ለሚመላለስ ሰው መክፈል ሲነሣ ግን ከኮሚቴው አንዱ «ከገባንበት መቼ ነው የምንወጣው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን የሚለው ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። በአደራ የተቀበለው ገንዘብ ለአንድ ድርጅት ቋሚ ጡረታ ሆኖ ሌሎች አመልካቾች በር ላይ እንዲቀሩ ስለማይፈልግ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሥጋት መሠረት አለው። ወደ አንዳንድ ድርጅቶች ሄደን ስናይ ሠራተኛዋ የምትመላለሰው ድጋፉ ወደሚያስፈልገው ቤት ሳይሆን መሄድ ወደሚቀላት ቤት ሆኖ አግኝተነዋል፤ ወዳጅነቱ ጸንቷል፣ ችግሩ ግን ካለቀ ቆይቷል፤ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያሉት ደግሞ ተራ አልደረሳቸውም። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ በምን መመዘኛ ጉብኝት እንደምትጀምር ብቻ ሳይሆን በምን መመዘኛ እንደምታቆም፣ ወይም ከሳምንት ወደ ወር እንደምታራርቀው፣ በማመልከቻው ላይ ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን። ይህን ጽፎ የሚመጣ አመልካች በጣም ጥቂት ነው።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ኮሚቴውን ያሳመነ አንድ ማመልከቻ አስታውሳለሁ። የሦስት ዓመት ገንዘብ ጠየቀ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የእኛ ድርሻ እየቀነሰ በምን እንደሚተካ አሳየ፤ ደግሞም ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ቤቱን እንዳጣበትና ለምን እንደሆነ ሳይሸፍን ጻፈ። ሌሎቹ ማመልከቻዎች በሙሉ የተሳካውን ብቻ ነበር የሚዘረዝሩት። የመጨረሻውን ክፍል ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ስንት እንስጥ የሚለው ብቻ ነበር።

ለጋሾች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም ልብ በሉ። አሜሪካዊቷ ባለጸጋ ለጋሽ ማኬንዚ ስኮት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ይፋ ባደረገችው የመጀመሪያ ዝርዝር ለ116 ድርጅቶች ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ስትሰጥ፣ ድርጅቶቹ በፈለጉት እንዲያውሉት ዓላማ ሳትገድብ ነበር የሰጠችው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የትንንሽ ድርጅቶችን በር እምብዛም እንደማያንኳኳ አውቃለሁ፤ ነገር ግን «እምነት ጥሎ መስጠት አይቻልም» ለሚል ኮሚቴ እንደተቻለ ማሳያ ይሆናል።

ወለልና ደረጃ

የሙያዬ መጠሪያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው፤ ሰው በሚኖርበት ቤት የዕለት ተዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲያከናውን ማገዝ ነው ሥራዬ። ከማስረጃ አንጻር ጥቂት ልጨምር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከሞላቸውና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ውስጥ ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ። ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ 22 ጥናቶችን መርምሮ፣ በቤት ውስጥ ያሉ የመውደቅ አደጋዎችን ማስተካከል የመውደቅን መጠን በ26 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ለማመልከቻዎ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ሲሆን ቅነሳው 38 በመቶ ይደርሳል፤ ሰዎቹ በአደጋ ተጋላጭነታቸው ሳይመረጡ ሲቀሩ ግን የታየ ጥቅም የለም። ስለዚህ ለሁሉም ቤት ብረት ማደል ገንዘብ ማባከን ነው። ማን ዘንድ መሄድ እንዳለበት የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። ለኮሚቴው በዚህ በኩል ቢያስረዱት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም እህቴ፣ አንድ ነጥብ ላይ ጠንቀቅ እንድትዪ እፈልጋለሁ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት የተቀረጸ ኬፐብል የሚባል መርሐ ግብር አለ። አንዲት ነርስ፣ አንድ ኦኩፔሽናል ቴራፒስትና አንድ ጠጋኝ ለጥቂት ወራት ወደ አንድ አረጋዊ ቤት ይመላለሳሉ፤ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈለግ የሚወስኑት አረጋዊው ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ሙከራ 300 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ተሳትፈዋል። አምስት ወር ላይ ሲለካ፣ መታጠብና መልበስን በመሳሰሉ ተግባራት ላይ ያለባቸው ችግር ለንጽጽር ከተመደበው ቡድን በ30 በመቶ ያነሰ ነበር። እንግዲህ ልብ በዪ፤ የንጽጽሩ ቡድንም ብቻውን አልተተወም፣ እነሱንም ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚጠይቃቸውና የሚያጫውታቸው ሰው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ታዲያ መመላለስ ብቻውን ሳይሆን ሙያ ይዞ፣ ጠጋኙንም አስከትሎ መመላለሱ ነው። «ለሰውየዋ ክፈሉ እንጂ ለብረቱ አትክፈሉ» ብለሽ ከጻፍሽ ማስረጃው አይደግፍሽም። ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቂ።

የደጃፍ ጎብኚ

ይህን ስላሳየኸኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በቁጭት ስጽፍ ብረቱን ያጣጣልኩት መስሎ ታይቶኛል። እውነት ነው፤ ባልደረባዬ አራተኛው ጉብኝት ላይ የደረሰችው በመጀመሪያው ቀን ደፉ ስለተነሣ ነው። እናታችን ቃላችንን የለኩት በዚያ ነበር።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ይህን ውይይት ከላይ ጀምሬ በትዕግሥት አነበብኩት። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የምታወሩለት ዓይነት ድጋፍ ተቀባይ ነኝ። ስለዚህ ከተቀባዩ ወገንም አንድ ድምፅ ይሰማ።

በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ ፉገራይ የሚባል ሰፈር አለ። ያዕቆብ ፉገር የተባለው ባለጸጋ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1521 ለተቸገሩ የከተማው ካቶሊኮች ያቋቋመው ሲሆን እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል። የዓመቱ ኪራይ በዘመኑ አንድ የራይን ጉልደን ነበር፤ አሁንም 88 የዩሮ ሳንቲም ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈራርሶ እንደገና ተሠርቷል። ይህን ያህል ዘመን የቆየው ዛሬ በዋናነት ከደን ይዞታ ገቢ የሚያስገኝ ቋሚ ሀብት ስላለው ነው። «ፕሮጀክቱ ተጠናቋል» የሚል ደብዳቤ ለነዋሪዎቹ መጥቶ አያውቅም። ሒሳብ ያዡ ስለ ተጠባባቂ ገንዘብ ሲናገር ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ነገር ግን ሌላውንም ልንገራችሁ። ነዋሪው ከኪራዩ ሌላ ለመሥራቹና ለቤተሰቡ በቀን ሦስት ጸሎት እንዲያደርስ ይጠየቃል። ሰጪ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ በኛ ዘመን የሚጠየቀው ፎቶ ነው። ድጋፍ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ወጣት ካሜራ ይዞ መጣ፤ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ገብቼ ብረቱን ይዤ እንድቆም ጠየቀኝ። አርባ ዓመት ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ብሎ መቆም ግን አልሆነልኝም። እንቢ አልኩ፤ ልጁም በትሕትና ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ቀን አንድ ነገር አሳሰበኝ፦ ፎቶው ባለመነሣቱ ገንዘቡ ቢቀርባቸውስ? ተቀባይን እንዲህ ያለ ሐሳብ ውስጥ መክተት ተገቢ አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 ያጸደቃቸው ስለ አረጋውያን የወጡ መርሆዎች አሉ። አረጋውያን በተቻለ መጠን ለረጅም ጊዜ በቤታቸው መኖር እንዲችሉ ይላል አንዱ። ስለ ክብራቸውና ስለ ራሳቸው ሕይወት ራሳቸው ስለመወሰናቸውም ይናገራል። አንቺ ልጄ፣ በማመልከቻሽ ላይ የእናታችንን ታሪክ መጻፍሽ አይቀርም። ከመጻፍሽ በፊት አንብቢላቸው፤ ይህ ይቅር ያሉትን አውጪው። ዓይናቸው ደክሟል ብለሻልና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

የፖሊሲ ተማሪ

አንድ ጥያቄ አለኝ። አረጋውያን ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ ማድረግ በመጀመሪያ ደረጃ የመንግሥት ግዴታ አይደለምን? የበጎ አድራጎት ገንዘብ ክፍተቱን በሞላ ቁጥር መንግሥት ኃላፊነቱን እየተወ እንዲሄድ መንገድ እየጠረግን አይደለም ወይ?

ሒሳብ ያዥ

ጥያቄህ ትክክል ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይም በግልጽ ይታያል። ብዙ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው አገልግሎት ሲሰጡ የውሉ ክፍያ ከሙሉ ወጪው ያንሳል፤ ልዩነቱ የሚሸፈነው ሰዎች በልግስና ከሰጡት ገንዘብ ነው። ለጋሹ አረጋዊን የረዳ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን የረዳው የመንግሥትን በጀት ነው። እኔ የምመክረው ቦርዱ ከሙሉ ወጪ በታች የሆነ ውል ከመፈረሙ በፊት ልዩነቱን በቁጥር አይቶ፣ አውቆና ወስኖ እንዲፈርም ነው። የልግስና ገንዘብ የሚያዋጣው መንግሥት ገና ያልሞከረውን ለመሞከር፣ ሕጉ የማያካትታቸውን ሰዎች ለመድረስና መብታቸውን እንዲጠይቁ አብሮ ለመቆም ነው። ዛሬ ማታ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ በእጃቸው ያለ ሰው ግን የመንግሥትን ውሳኔ እየጠበቁ ሊቆዩ አይችሉም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

ከኮሚቴው ወገን

በዚህ ላይ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለጋሽም ቢሆን ማስረጃውን ይዞ የመንግሥት በጀት ክርክር ላይ እንዲናገር መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎቹ ተጠይቀው ስለማያውቁ ነው ዝም የሚሉት።

የደጃፍ ጎብኚ

ከትናንት ጀምሮ ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ማመልከቻውን እንደገና እየጻፍነው ነው። የደረስንበትን ልንገራችሁና ስሕተት ካያችሁበት አርሙኝ።

የተጠገኑ ቤቶች ብዛት የሚለውን ውጤት ወደ ሥራ ዝርዝር አወረድነው። ውጤት ብለን የጻፍነው ድጋፍ ከጀመሩ ከ12 ወር በኋላ በፈለጉት ቤት ውስጥ እየኖሩ ያሉ ሰዎችን ብዛት ነው። «በፈለጉት» የሚለው ቃል የባልደረባዬ ነው፤ መልቀቅ ፈልገው በኛ እርዳታ የተሻለ ቤት የገቡትም ውጤት መሆናቸውን አስታወሰችኝ። ከዚህ ሌላ የተሰረዙ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያዎችን፣ መውደቅንና ሰውየው ራሱ ይስተካከልልኝ ያለውን ነገር እንመዘግባለን። ደመወዟ ከአናጺው ዋጋ ጎን፣ በቀጥተኛ ወጪ ሥር ሙሉውን ተቀምጧል። የማቆሚያውን መመዘኛ መጻፍ ከሁሉም አስቸገረን፤ ለጊዜው በየሦስት ወሩ ከሰውየው ጋር ተቀምጦ መገምገም፣ ከዚያ ጉብኝቱን ማራራቅ፣ ካቆመ በኋላም ስልክ ደውሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ መመለስ የሚችልበትን በር ክፍት መተው የሚል አስቀምጠናል። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ቤታቸውን እንዳጡብንም ጻፍን። አንዳቸው ዘንድ የደረስነው ዘግይተን ነው፤ ሁለተኛዋን ግን መታደግ እንችል ነበር፣ የዚያን ወር ጉብኝት ያስቀረነው በገንዘብ እጦት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ አላወጣሁትም።

አባቴ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናታችን ዘንድ ሄጄ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ፌስታሉ ከፍራሽ ሥር መውጣቱን አውጪው አሉኝ፤ «ደብዳቤ አስቀምጠው ነበር ብለሽ ጻፊ፣ ይበቃል» አሉ። አውጥቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ ቀድሜ በመጻፌ ግን አዝናለሁ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር የለበትም፤ ቢሆንም ገብቶኛል። የደፉን ነገር ግን እንድጨምርበት ፈለጉ፦ ደፉ ከተነሣ ወዲህ ሌሊት መብራት ሳያበሩ መታጠቢያ ቤት ደርሰው እንደሚመለሱ።

ሒሳብ ያዥ፣ የሙሉ ወጪውን ሠንጠረዥ ነገ ጠዋት በግል መልእክት እልክልዎታለሁ። የቢሮ ኪራይ ድርሻውን በሠራተኛ ቁጥር ነው ያካፈልኩት፤ በሰዓት መሆን ካለበት ይንገሩኝ። ማመልከቻው የሚገባው በሚመጣው ዓርብ ነው።